«ሦስት በአንድ» ክሬም፤ ማሳከኩ ይቆማል፣ በሽታው ይቀራል

አንድ ሸማች ወደ መድኃኒት ቤት ገብቶ ክንዱን ወይም አንገቱን እያሳየ «ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ» ሲል፣ ከመደርደሪያው ሊወርዱለት ከሚችሉት ዕቃዎች አንዷ 15 ግራም የምትመዝን ትንሽ የክሬም ቱቦ ናት፡፡ «ሦስት በአንድ» ብትባል አይበዛባትም፡፡ በጀርባዋ ላይ የሦስት መድኃኒቶች ስም በደቃቅ ፊደል ተደርድሯል፡፡ በብዛት በሚታወቀው ዓይነት አንደኛው ቤታሜታዞን ነው፤ ማሳከክንና መቅላትን የሚያበርድ ስቴሮይድ፡፡ ሁለተኛው ክሎትሪማዞል ሲሆን ፈንገስን ይገድላል፡፡ ሦስተኛው ጄንታማይሲን ባክቴርያን የሚያጠቃ አንቲባዮቲክ ነው፡፡ ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ትሪያምሲኖሎንን ወይም ክሎቤታሶልን ከኒዮማይሲንና ከኒስታቲን ጋር ቀላቅለው ያቀርባሉ፡፡

ቅልቅሉ በስሕተት የተሠራ አይደለም፡፡ ችፌ የያዘው ሰው ቆዳውን ሲያክክ ይቆስላል፣ ቁስሉ ባክቴርያ ይገባበታል፣ እርጥበት ያለበት ቦታ ከሆነም ፈንገስ ይጨመርበታል፡፡ ለእንዲህ ያለው የተደራረበ ችግር ሐኪም አይቶ፣ ቦታውንና ቀኑን ወስኖ ሲያዝዘው ክሬሙ ሥራውን ይሠራል፡፡ ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው፡፡ ሦስት መድኃኒት በአንድ ቱቦ ውስጥ ሲገኝ፣ ሻጩም ገዢውም «ከሦስቱ አንዱ ይመታዋል» ብለው ያስባሉ፡፡ በሽታው ምን እንደሆነ መጠየቅ የቀረው እዚህ ላይ ነው፡፡

ይህ አስተሳሰብ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጋር እንደማይስማማ ይዘነጋል፡፡ ስቴሮይድ የሚሠራው የሰውነትን የመከላከል ኃይል በቦታው ላይ በማዳከም ነው፡፡ መቅላቱ፣ ማበጡና ማሳከኩ የበሽታው ጩኸት ነው ቢባል፣ ስቴሮይዱ ጩኸቱን ያፍናል፡፡ የሚጮኸውን ውሻ አፉን ማሰር ሌባውን ከግቢ አያስወጣውም፤ እንዲያውም ሌባው ተረጋግቶ ይሠራል፡፡ ለዚህም ነው ሕመምተኛው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ሲል የፈንገሱ ሥር ወደ ጎን እየተስፋፋ የሚገኘው፡፡

የቆዳ ሐኪሞች ይህን ካወቁት ቆይተዋል፡፡ በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የታተመ ጽሑፍ ስቴሮይድ ተቀብቶበት መልኩን ስለለወጠ ጭርት ገልጾ፣ «ራሱን የደበቀ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አውጥቶለታል፡፡ ጭርት በተለመደው መልኩ ክብ ነው፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይፈረፈራል፣ መሐሉ የዳነ ይመስላል፡፡ ክሬሙ ለሳምንታት ሲቀባበት ግን ጠርዙ ይጠፋል፣ ክብነቱ ይፈርሳል፣ ትናንሽ ብጉር መሰል ነገሮች ይበታተኑበታል፡፡ በዚህ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ሐኪሙም ሊሳሳት ይችላል፡፡

ከደጋ እስከ ቆላ

ምዕራብ ጎጃም ለቆዳ በሽታ ገበያ የሚመች አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ወረዳ መቀመጫ ናት፡፡ ብርዱ ይጠነክራል፤ ቤተሰቡ በአንድ መደብ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል፣ ጋቢና ቡልኮ ይጋራል፡፡ ልብስ ማጠብም ውኃ መቅዳት ስለሆነ እንደ ከተማ አይቀናም፡፡ ይህ ሁሉ ለእከክ የተመቸ ነው፡፡ የቆሎ ተማሪዎች የሚኖሩባቸው ጠባብ ጎጆዎችም እንዲሁ፡፡ ከፍኖተ ሰላም በታች ወደ ብር ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱና ላቡ ስለሚበረታ ጭርትና ቋቁቻ በብብት፣ በጭንና በጀርባ ላይ ይወጣሉ፡፡ ቡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ ነቀምቴ ከሚያቀናው ጋር የሚገናኝባት የንግድ ከተማ ናት፤ ዕቃም ሰውም ያልፍባታል፡፡

በዚህ አገር ሕመምተኛው በሽታውን በስሙ ያውቀዋል፡፡ እከክ፣ ጭርት፣ ችፌ፣ ቋቁቻ፣ ቆረቆር፣ ቡግንጅ፣ ቁንጭር፣ ለምጽ፣ ማድያት እያለ የሚለየው ቋንቋ አለው፡፡ የሚገርመው መድኃኒት ቤት ሲደርስ ስሙ ሁሉ ቀርቶ «የቆዳ ቅባት» የሚል አንድ ስም ብቻ መትረፉ ነው፡፡ ስሞቹ የተለያዩት ግን በሽታዎቹ ስለሚለያዩ ነው፤ መድኃኒታቸውም እንዲሁ፡፡

እከክን እንውሰድ ቢባል፣ እከክ የሚመጣው ቆዳ ውስጥ ጎድጓድ ሠርታ ከምትኖር በዓይን ከማትታይ ተባይ ነው፡፡ ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱም ተባይዋን አይገድላትም፡፡ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አዳርሷል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፡፡ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ክሬም፣ ቤንዚል ቤንዞኤት የሚባለው ፈሳሽ፣ የድኝ ቅባት፣ እንደ ሁኔታውም የሚዋጠው አይቨርሜክቲን፡፡ ፐርሜትሪን ከአንገት በታች መላው ሰውነት ላይ ማታ ተቀብቶ ጠዋት የሚታጠብ ሲሆን በሳምንቱ ይደገማል፡፡ ዋናው ነገር በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በአንድ ሌሊት መቀባቱ ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብን የሚያስት አንድ ነገር አለ፡፡ ተባይዋ ከሞተች በኋላም ማሳከኩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፡፡ ቆዳው ውስጥ የቀረው ሬሳዋና ቆሻሻዋ እስኪወገድ ድረስ ሰውነት መቆጣቱን አያቆምም፡፡ ይህን ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ይመለስና ሦስት በአንዱን ይገዛል፡፡ ማሳከኩ ወዲያው ይቆማል፤ በቤቱ ውስጥ ያልታከመ አንድ ሰው ካለ ግን እከኩ በዝምታ እየተዛመተ ይሰነብታል፡፡ በዚህ ሁኔታ የሚጎዱት በአንድ መደብ የሚያድሩት ሕፃናት ናቸው፡፡

የልጆች ቆረቆርም ሌላ ነው፡፡ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ምንም ዓይነት ክሬም ብቻውን አያድነውም፤ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል፡፡ በልጅ ራስ ላይ የሚለቀለቀው የቱቦ ክሬም ገንዘብ ማባከን ነው፡፡

የሻጩ ሒሳብ፣ የገዢው ሒሳብ

ገበያውን በገበያ ዓይን ማየት ይገባል፡፡ ሻጩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም ቱቦዋን የሚያቀርበው፡፡ ለእከክ፣ ለጭርት፣ ለችፌና ለቁስል አራት የተለያዩ ዕቃዎችን ከማከማቸት አንድ ዕቃ ለሁሉም ቢበቃ ካፒታሉ አይታሰርበትም፡፡ ደንበኛው በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ስለሚያይ ሻጩን ያመሰግነዋል፣ ለጎረቤቱም ይነግርለታል፡፡ በሽታው ከወር በኋላ ሲያገረሽ ደግሞ «ያቺ ጥሩ ነበረች፣ ድገመኝ» ይላል፡፡ ከንግድ አንፃር ከዚህ የተሻለ ዕቃ ከየት ይገኛል? አድኖ ከሚያሰናብት መድኃኒት ይልቅ አስታግሶ የሚመልስ መድኃኒት ብዙ ይሸጣል፡፡

በገዢው በኩልም ሒሳብ አለ፡፡ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ጤና ጣቢያ መድረስ አንድ የሥራ ቀን ነው፡፡ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መውረድ የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ አንዳንዴም የአዳር ወጪ አለበት፡፡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነውም ቢሆን ጤና ተቋሙ የታዘዘው መድኃኒት ከጎደለው መጨረሻው ያው የግል መድኃኒት ቤት ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ በተቋረጠ ቁጥርም የመድኃኒት አቅርቦቱ አብሮ ተናግቷል፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል፡፡ ታዲያ አንድ ቱቦ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ገበሬ ሦስት መድኃኒት የያዘችውን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል?

ሒሳቡ የሚፋለሰው ቱቦዋ ከተገዛች በኋላ ነው፡፡ የቆዳ ሐኪሞች ክሬምን የሚለኩበት ቀላል መለኪያ አላቸው፡፡ ከአዋቂ ሰው አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳም ይሸፍናል፡፡ ለአንድ ክንድ 3 እንዲህ ያለ ጭማቂ፣ ለአንድ ሙሉ እግር ከነቅልጥሙና ከነጭኑ 6 ያስፈልጋል፡፡ በዚህ ሒሳብ 15 ግራም ቱቦ ማለት 30 ጭማቂ ነው፡፡ ሙሉ እግሩ ያሳከከው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀባ ቱቦዋ በሁለት ቀን ተኩል ታልቃለች፡፡ እንዲህ ሰፊ ቦታ የያዘ በሽታ በትንሽ ቱቦ የሚታከም አለመሆኑን ይህ ብቻውን ይናገራል፡፡

በተቃራኒው የመዳፍ ያህል ብቻ የሆነ ቁስል ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀባ የሚፈጀው ግማሽ ግራም ነው፤ በ14 ቀን 7 ግራም፡፡ ከቱቦዋ ከግማሽ በላይ ይተርፋል ማለት ነው፡፡ የተረፈው ወዴት ይሄዳል? አይጣልም፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር አይጣልም፡፡ ከግድግዳው ቀዳዳ ወይም ከሳጥኑ ውስጥ ተሸጉጦ ይቀመጥና የሕፃኑ መቀመጫ ሲቀላ፣ የልጅቷ ፊት ብጉር ሲያወጣ፣ የጎረቤት እግር ሲላጥ ይወጣል፡፡ በሐኪም ማዘዣ ለአንድ ሰው የተሸጠው መድኃኒት ያለ ማዘዣ ለሦስት ሰው የሚዳረሰው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ስለ መድኃኒት ቤቶች ቁጥጥር ሲወራ ይህ የቤት ውስጥ «ገበያ» አይነሳም፡፡

ሕፃን፣ ፊትና ዓይን

ከሁሉም አደገኛው ይኸው ሁለተኛው አገልግሎት ነው፡፡ የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ከክብደቱም አንፃር የቆዳው ስፋት ከአዋቂ ይበልጣል፡፡ ስለዚህ የተቀባው ስቴሮይድ ወደ ደሙ የሚገባው በብዛት ነው፡፡ በመቀመጫው ላይ ተቀብቶ ዳይፐር ወይም ላስቲክ ሲታሰርበት ደግሞ ውስጥ የሚገባው የባሰ ይጨምራል፡፡ ለረዥም ጊዜ ከቀጠለ የልጁ ፊት ያብጣል፣ ዕድገቱ ይገታል፣ ሰውነቱ በራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ይቀንሳል፡፡ በአሜሪካ ቤታሜታዞንና ክሎትሪማዞል የተቀላቀሉበት ክሬም መግለጫ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ፣ ለዳይፐር ቁስልም እንዳይውል ይናገራል፡፡ ለጭንና ለሰውነት ጭርት ከሁለት ሳምንት፣ ለእግር ከአራት ሳምንት፣ በሳምንትም ከ45 ግራም እንዳይበልጥ ይወስናል፡፡ ክሎቤታሶል ከዚህም ይጠነክራል፤ ለአዋቂ እንኳ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም፡፡

ፊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ለባለቤቱ ቶሎ ይታያል፡፡ ቆዳው ይሳሳል፣ ደቃቅ የደም ሥሮች ገጽ ላይ ይወጣሉ፣ ብጉሩ ይባዛል፣ ያልተፈለገ ፀጉር ይበቅላል፡፡ ዓይን አካባቢ ለብዙ ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት መጨመርና የዓይን ሞራ ሊከተል ይችላል፡፡ ክሬሙ ሲቆም ፊቱ ይቀላል፣ ይቃጠላል፡፡ ሴትየዋም «በሽታው ተመለሰ» ብላ እንደገና ትቀባለች፡፡ የተመለሰው በሽታው ሳይሆን የክሬሙ ውርዴ መሆኑን የሚነግራት ከሌለ ዓመት ሙሉ ከቱቦ ወደ ቱቦ ትሸጋገራለች፡፡ ይህን ያህል ጊዜ የተጠቀመ ሰው በአንድ ቀን ማቆም ሳይሆን ሐኪም አማክሮ ቀስ በቀስ መተው ይሻለዋል፡፡

ማድያት ለማጥፋትና ፊት ለማቅላት ተብሎ በኮስሞቲክስ ሱቅ የሚሸጠው ነገርም ከዚህ ገበያ የራቀ አይደለም፡፡ ከሽቶና ከፀጉር ቅባት ጎን የሚደረደሩ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን አለ፡፡ ሱቁ መድኃኒት ቤት አይደለም፣ ሻጩም ባለሙያ አይደለም፡፡

ኒዮማይሲን ያለባቸው ክሬሞች ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፡፡ መድኃኒቱ ራሱ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣል፡፡ ስቴሮይዱ ቁጣውን ስለሚያፍነው ግን ሕመምተኛው በሚቀባው መድኃኒት እየተጎዳ መሆኑን አያውቅም፡፡ በላይ በላዩ ሲጨምርበት ቁስሉ አልድን ይላል፡፡

ክሬም የማይደፍረው ቆዳ

አንዳንድ በሽታ በክሬም ሲታሽ ሊመለስ የማይችል ጊዜ ይባክናል፡፡ የማያሳክክ፣ ከሌላው ቆዳ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት ወይም ሲወጉት የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፡፡ ሥጋ ደዌ ዛሬ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል፡፡ ሳይታወቅ ሲቆይ ግን ነርቭ ይጎዳል፣ የተጎዳው ነርቭም አይመለስም፡፡ ቁንጭርም እንዲሁ ነው፡፡ ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ ሽኮኮ በሚበዛበት ገደላማ አገር ይታያል፡፡ ሦስት በአንዱ ለዚህ ምንም አይፈይድም፡፡

በሌላ በኩል ርካሹና የተረሳው መድኃኒት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከፈረስ ቤት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ላይ ተካሂዶ በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከመቶ ሰው 3.3 ያህሉ በባዶ እግር ቀይ አፈር ረግጦ ከመኖር የሚመጣው የእግር ዝሆኔ እንዳለበት አግኝቷል፡፡ የእነዚህ ሰዎች እግር ቆዳ ይሰነጠቃል፣ በጣቶቻቸው መሐል ፈንገስ ይገባል፣ በስንጥቁም ባክቴርያ ያልፋል፡፡ እግሩ በድንገት ያብጣል፣ ይግላል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ሰውየው ለቀናት ከእርሻው ይቀራል፡፡ መቅላት፣ ፈንገስና ባክቴርያ በአንድ እግር ላይ ተገናኝተዋልና ሦስት በአንዱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፡፡

ይሁን እንጂ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. የታተመው ሕክምና ስቴሮይድ አልነበረበትም፡፡ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቆዳውን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር፡፡ ሕክምናውን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ፣ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት 23.9 ጊዜ ታመዋል፡፡ ልዩነቱ ለከተማ ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ በክረምት እርሻ ላይ ላለ ገበሬ ግን ከአራት በላይ የሕመም ጊዜ መቀነስ ብዙ የሥራ ቀን ነው፡፡ ሳሙና ደግሞ በየሱቁ አለ፡፡

በጣቶች መሐል ለሚገባው ፈንገስም ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፡፡ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ነው፤ እሱም ቅልቅል ነው፤ ስቴሮይድ ግን የለበትም፡፡ ብቻውን ያለ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ክሬምም ለተራ ጭርት ይበቃል፡፡ በቀን ሁለት ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀባል፤ ቆዳው የጠራ ከመሰለ በኋላም ለአንድ ሁለት ሳምንት መቀጠል ያሻል፡፡ ችግሩ እነዚህ መድኃኒቶች ማሳከኩን በሁለት ቀን አለማስቆማቸው ነው፡፡ በገበያ ላይ የሚሸነፉትም በዚሁ ነው፡፡

የህንድ ነገር

ገበያው ሲለቀቅ የት እንደሚደርስ ህንድ አሳይታለች፡፡ ኢትዮጵያ መድኃኒት በብዛት ከምታስገባባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው በዚያች አገር ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና አንቲባዮቲክ የተቀላቀሉባቸው ክሬሞች ለዓመታት እንደ ልብ ሲሸጡ ኖረዋል፡፡ ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ተራው ጭርት ተራ መሆኑ ቀረ፤ ሰፍቶ የሚወጣ፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚዛመት፣ ተርቢናፊን የሚባለውን ዋና መድኃኒት የሚቋቋም ሆነ፡፡ ፈንገሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የራሱን ስም አግኝቷል፤ ከዚያ ወዲህም በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ታይቷል፡፡ ብዙ የቆዳ ሐኪሞች ከምክንያቶቹ አንዱ የቅልቅል ክሬሞቹ አጠቃቀም ነው ይላሉ፡፡ የህንድ መንግሥት በ2018 ስቴሮይድ ያለባቸው በርካታ የቆዳ ክሬሞች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ ደንግጓል፤ በዚያው ዓመት ካገዳቸው 328 የቅልቅል መድኃኒቶች መካከልም የቆዳ ክሬሞች ይገኙበታል፡፡

በኢትዮጵያ ሕግ የለም ማለት አይቻልም፡፡ በ1991 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 176 ጀምሮ፣ በ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 661፣ እስከ 2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ድረስ መድኃኒትን የሚቆጣጠር ሕግና መሥሪያ ቤት አለ፡፡ ዛሬ ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን በክልልና በወረዳም ተቆጣጣሪዎች አሉ፡፡ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶልና ጄንታማይሲን በሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ናቸው፡፡ ተቆጣጣሪው ግን የሚያየው መደርደሪያውን እንጂ በመስኮቱ ላይ የሚካሄደውን የአንድ ደቂቃ ንግግር አይደለም፡፡

ያ ንግግር ሲሠራ ምን ይመስላል? አንዲት እናት በገበያ ቀን ሽንኩርቷን ሸጣ ትገባና «ዶክተር፣ የምታሳክክ ነገር ወጥታበታለች፣ ያቺን ቅባት ስጠኝ» ትላለች፡፡ ባለሙያው «እናቴ፣ ለማን ነው?» ብሎ ይጀምራል፡፡ ስንት ዓመቱ ነው? የት ላይ ነው? በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ? ማታ ይብሳል? ከዚህ በፊት ምን ተቀባ? አምስት ጥያቄ ናቸው፡፡ «እህቱንም ያሳክካታል፣ ማታ ማታ አያስተኛንም» ካለች ነገሩ ወደ እከክ ያደላል፤ የሚያስፈልጋትም ሌላ መድኃኒት፣ እሱም ለመላው ቤተሰብ ነው፡፡ ልጁ ሕፃን ከሆነ፣ ቁስሉ ፊት ላይ ከሆነ፣ መግል ይዞ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ምልክቱ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ ባለሙያው ምንም ሳይሸጥ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት፡፡ ሽያጩ ይቀርበታል፡፡

ሸማቹም ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ ይችላል፡፡ ውስጡ ስቴሮይድ አለው ወይ? ስንት ቀን ነው የሚቀባው? በስንተኛው ቀን ካልተሻለኝ ልመለስ? ሐኪም ያዘዘለትም ቢሆን በስሱ፣ በታመመው ቦታ ላይ ብቻ፣ እጁን ታጥቦ መቀባት፣ ካልታዘዘ በቀር በላስቲክ ወይም በጨርቅ አለማሸግ፣ ቀኑ ሲያልቅ ማቆም ይኖርበታል፡፡ የተረፈውን ለሌላ ሰው ማዋስ የለበትም፡፡

ክሬም ሲቀባ ከርሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ደግሞ የተቀባውን አለመደበቁ ይጠቅመዋል፡፡ ሐኪሙ የሚያየው ቆዳ በክሬሙ መልኩን የለወጠ ቆዳ ስለሆነ ምን እንደተቀባና ለስንት ጊዜ እንደተቀባ ካላወቀ በግምት ይሠራል፡፡ «የሆነች ነጭ ቅባት» ማለት አይበቃም፤ ቱቦዋን በኪስ ይዞ መሄድ ነው፡፡ ካርቶኑ ተጥሎ እንደሆነም ግድ የለም፤ የሦስቱም መድኃኒቶች ስም በቱቦዋ ጀርባ ላይ ተጽፏል፡፡